የምንትዋብ ዘለበት

ሐሴት ወሬውን የሰማችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ለአንዲት እናት የልጃቸውን የሳል ሽሮፕ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጡ እያስረዳች ሳለ፣ አብራት ፋርማሲው ውስጥ የምትሠራው ናኦሚ ሴትየዋ ከበር እስኪወጡ እንኳ አልታገሠችም።

"ሐሲ፣ ፈየራ ታየ።"

የሐሴት እጅ ጠርሙሱን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። ፈየራ ሱቁን ዘግቶ ከነቀምቴ ከወጣ አምስት ሳምንት ሆኖታል። ስልኩ አይሠራም። "ትንሽ ቀን እቆያለሁ፤ አታስቢ" ከምትል አንዲት አጭር መልእክት በቀር ምንም አልደረሳትም። በእነዚያ አምስት ሳምንታት "አታስቢ" የምትለዋን ቃል ከየትኛውም ስድብ በላይ ጠልታት ነበር።

"የት?" አለች።

"ጊዳ አያና። ነገራ ነው ያየው።" ነገራ የናኦሚ ታላቅ ወንድም ነው፤ በነቀምቴና በአያና መካከል ሚኒባስ ይነዳል። "ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ ያን ወርቅ ፈላጊዎች የሚይዙትን ማሽን አንጠልጥሎ ከጫካ ሲወጣ አየሁት ነው የሚለው። ጢሙ አድጓል፤ ከስቷል።" ናኦሚ የቀረውን ልናገር ወይስ ልተው ብላ አመነታች። "ደግሞ ወርቅም አይደለም አሉ የሚፈልገው። የድሮ ገንዘብ ነው። የሰፈሩ ሰው ስም አውጥቶለታል፤ 'ጠገራ ፈላጊው' ይሉታል።"

ጠገራ!

ሐሴት ጠርሙሱን ቀስ አድርጋ ለሴትየዋ አቀበለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ጫካው ውስጥ የተቀበሩትን ጠገራዎች በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷና አባቷ። ሦስተኛው ሰው ፈየራ ነው። የነገረችውም ራሷ ናት፤ እያለቀሰች፣ ደረቱ ላይ ተደግፋ። አሁን የገዛ ምላሷ አፏ ውስጥ ኮሶ ኮሶ አላት።

*

ፈየራ ዋጋሪ ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ይጠግናል። የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት የፋርማሲው ማቀዝቀዣ በተበላሸ ቀን ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን ነበር። ዝናብ እየወረደበት መጥቶ፣ ሸሚዙ ከገላው ላይ ተጣብቆ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠገነው። ሥራው አለቀ ሲባል ግን አልሄደም። ቅዝቃዜው ተመልሶ ልክ እስኪገባ ድረስ ዓይኑን ከመለኪያው ሳይነቅል ቁጭ አለ።

"ጨርሰሃል እኮ፤ ሂድ እንጂ" አለችው።

"ይሄ መድኃኒት የሰው እናት ናት የምትጠብቀው" አላት። "ሳላረጋግጥ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

በዚያች ቅጽበት ቀና ብሎ አያት። ሐሴት ያንን አስተያየት ቤቷ ይዛው ገባች።

ከዚያ ወዲህ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ እየተጨዋወቱ፣ እሷ ከማርያም ቅዳሴ ስትመለስ እሱ ከመካነ ኢየሱስ መዘምራን ልምምድ ሲወጣ መንገድ ላይ እየተጠባበቁ ሁለት ዓመት ተዋደዱ። በመስከረም ማብቂያ፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ ፈየራ ሦስት ሽማግሌዎች ወደ ሐሴት አባት ላከ።

አቶ ተረፈ ቀበቶና የቆዳ ቦርሳ ሠሪ ናቸው። ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና ሲሰፍሩ ልጅ ነበሩ፤ ያደጉትም፣ ያገቡትም፣ ሐሴትን የወለዱትም እዚያው ነው። ሽማግሌዎቹን ቆመው ተቀበሉ፣ አስቀመጡ፣ አከበሩ። ጉዳዩ ሲነገራቸው ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ልጁን አልናቅሁትም" አሉ። "ዘሩንም እምነቱንም ጠልቼ አይደለም። እኔን ያተረፈኝ የኦሮሞ ቤት ነው፤ ውለታ አልክድም። ግን የዚች ልጅ እናት ጫካ ውስጥ ናት። ፍትሐት አልተደረገላት፣ ድንጋይ አልቆመላት። የወደቀችበትን እንኳ አላውቀውም። ባለቤቴ ማረፊያ ሳታገኝ እኔ በሬ ላይ ድንኳን ጥዬ እልል አላስብልም። እሷን እስካገኝ በዚህ ቤት ሠርግ የለም።"

ሽማግሌዎቹ ተነሡ። የሠርግ ቀን ቢያርቁ ይለምኑ ነበር፤ ጥሎሽ ቢያበዙ ይከራከሩ ነበር። ከሞተ ሰው ጋር ግን እንዴት ይደራደራሉ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ያ ክፉ ጊዜ አካባቢውን ሲያምሰው፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም ቤቱን እየጣለ ሲሸሽ፣ አቶ ተረፈም ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። ሚስታቸው ምንትዋብ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ሁለት ቀን እንደ ምንም ተጓዘች። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር "ትንሽ ልረፍ" ብላ ተቀመጠች፤ በዚያው አረፈች።

አባትና ልጅ ባገኙት እንጨትና በእጃቸው ቆፈሩ። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ ያስፈራ ነበር፤ ማን እንደሚሰማ አይታወቅም። አቶ ተረፈ ከመቅበራቸው በፊት የሚስታቸውን ቀበቶ ከወገቧ ፈቱ። ለሠርጓ ቀን በገዛ እጃቸው የሠሩላት ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ነበር። የነሐስ ዘለበቱን ራሳቸው ቀጥቅጠው፣ ሞርደው፣ መካከሉ ላይ "ም" የምትል ፊደል ቀርጸውበታል። በግራና በቀኙ ደግሞ ምንትዋብ ከእናቷ የወረሰቻቸው ሦስት ጠገራ ብሮች ተሰፍተውበታል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ቀበቶውን ጠቅልለው በራስጌዋ በኩል አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው ቀበሩት።

"መያዣ ይሁንሽ" አሏት። "ተመልሼ እመጣለሁ።"

ነገሩ ሲረግብ ከተጠለሉባት ከነቀምቴ ተመለሱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሦስት ጊዜ። ዋንዛው ግን ለከሰል ተቆርጧል፤ ዙሪያው ያሉት ዛፎችም እንደዚያው። ቁጥቋጦው ሰው ቁመት ደርሷል። ሦስቴም ባዶ እጃቸውን ገቡ። ከሦስተኛው በኋላ አቶ ተረፈ ስለ ጫካው ማውራት አቆሙ።

ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ማግሥት ፈየራ ሐሴትን አጥር ጥግ አገኛትና አንድ በአንድ ጠየቃት። ዛፉ ምን ዓይነት ነበር? ወንዙ በየት በኩል ይሰማ ነበር? ካስጠጓችሁ ከአዴ በቀለች ቤት እስክትደርሱ ስንት ሰዓት ሄዳችሁ? ቀበቶው ላይ ብረት ነበረበት? ብሮቹስ ስንት ናቸው? ሐሴት ሐዘኗን ሊካፈል የፈለገ መስሏት ሁሉንም ነገረችው። በሳምንቱ ሱቁ ተዘጋ።

*

ዛሬ ያ ሁሉ ጥያቄ ሌላ መልክ ይዞ ታያት። ሰው ያጣውን ፍቅር በብር ይተካል እንዴ? አባቷ እንቢ ሲሉት የእናቷን ራስጌ ሊቆፍር ሄደ?

ልቧ አንድ ጊዜ "አያደርገውም" ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ "ታዲያ ለምን ደበቀሽ?" ይላታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብተሯ መካከል ያለውን ወረቀት ገንጥላ ጻፈች።

"ለአቶ ፈየራ ዋጋሪ፤

ጠገራ ፈላጊ መሆንህን ሰማሁ። እኔ እናቴን ስነግርህ አንተ ብሩን ነው የሰማኸው ማለት ነው። አባቴ ከዚህ ዓለም የቀራቸው አንድ መያዣ ያ ቀበቶ ነው፤ እኔም አሳልፌ ሰጠሁት። ብታገኘው ውሰደው። እናቴን ግን አትንካት። ከእንግዲህ በኔ መንገድ አትቁም፤ ስሜንም አትጥራ። ይህንን ስጽፍልህ እጄ የተንቀጠቀጠው ከብርድ እንጂ ከሌላ አይደለም።

ሐሴት ተረፈ"

ወረቀቱን አጥፋ ለነገራ ሰጠችው። ሚኒባሱ ወደ አያና መንገድ ሲታጠፍ ተከትላ ሮጣ ልትቀበለው ቃጣት። ግን ተመልሳ ገባች።

ሦስት ቀን እንደ ሦስት ዓመት ሄደ። አባቷ ቆዳቸውን እየቆረጡ ቀና ብለው ሲያዩዋት ዓይኗን ትሰብራለች። "ምን ሆንሽብኝ ልጄ?" ሲሏት "ራሴን ነው" ትላለች። እውነቱን ብትናገር ይሻል ነበር። ግን ምን ብላ? የእማዬን ቀበቶ ለወደድኩት ሰው ሸጥኩት ብላ?

*

መልሱ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰ። ክፉ ዕድሏ ሆኖ ነገራ ያመጣው ወደ ፋርማሲው ሳይሆን ወደ ቤት ነበር፤ የተቀበሉትም አቶ ተረፈ ናቸው። ሐሴት ስትገባ ፖስታውን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ከፈየራ ነው አለኝ ሹፌሩ" አሉ። "'ለሁለቱም ነው' ብሏል። አንብቢልኝ።"

"አባዬ፣ መጀመሪያ የምነግርዎት ነገር አለ።"

"አንብቢና ንገሪኝ።"

ፖስታውን ቀደደችው። የፈየራ እጅ ጽሑፍ እንደ ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ ፊደሎቹ እንደተደረደረ ሽቦ ቀጥ ያሉ ናቸው።

"ለሐሴት፤ ለክቡር አባቴ ለጋሽ ተረፈም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ከሁሉም ያመመኝ 'አቶ ፈየራ' ያልሽኝ ነው።

ጥፋቴን አልክድም። ልነግርሽ ይገባ ነበር። ያልነገርኩሽ፣ ፈልጌ ባጣት ጋሽ ተረፈን ሁለተኛ ጊዜ ማስቀበር ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። የአንድ ወርቅ ፈላጊ ማሽን ሱቄ ለጥገና መጥቶ ሳለ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ይህ ማሽን መሬት ውስጥ ያለ ብረት ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ዛፍ ይቆረጣል፣ ሣር ይበቅላል፣ ነሐስ ግን ባለበት ይቆያል ብዬ አሰብሁ። ሰውየው አዋሰኝና መጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጎርፍ መውረጃው በላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ስቆፍር የዘለበት ጠርዝ ታየኝ። አፈሩን በጣቴ ጠረግሁ። 'ም' የምትለውን ፊደል አየሁ። ከዚያ በላይ መቆፈር ለኔ እጅ አይገባም ብዬ አፈሩን መለስሁበት። አሁን ቦታውን እየጠበቅሁ ነው።

ጋሼ፣ ይምጡ። እርስዎን ነው የምትጠብቀው።

ፈየራ"

ሐሴት የመጨረሻውን መስመር ያነበበችው እንባዋ እየሸፈናት ነው። አባቷ አልተንቀሳቀሱም። ጣታቸው ብቻ በጉልበታቸው ላይ፣ ቆዳ ላይ እንደሚቀርጹ ሁሉ፣ ቀስ እያለ "ም" ይጽፋል።

"እኔ ነኝ የነገርኩት፣ አባዬ" አለች ተንበርክካ። "ምሥጢርዎን አወጣሁ። ከዚያም ሌባ መሰለኝና ሰደብሁት።"

አቶ ተረፈ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

"እንኳን ነገርሽው" አሉ። "እንኳን ነገርሽው፣ ልጄ።"

*

አርብ ንጋት ላይ የነገራ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። የአንገርን ሸለቆ ወርደው፣ አንገር ጉቲንን አልፈው ወደ አያና ገሠገሡ። ሐሴት በመስኮቱ የሚያልፈውን የበቆሎ አገዳ እያየች የምትለውን ታዘጋጃለች። "ይቅር በለኝ" ልትል ታስባለች፤ ያንሳል። "አሳፈርኩህ" ልትል ታስባለች፤ እሱም አይሆንም።

የአዴ በቀለች ቤት ከአያና ከተማ ወጣ ብሎ ጫካው ጥግ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ ሁለቱን ሐዘንተኞች ሁለት ቀን ደብቀው ያበሉ፣ ያጠጡ፣ እግራቸውን አጥበው የሸኙ ሴት ናቸው። ሚኒባሱ ሲቆም እጃቸውን ዘርግተው ወጡ።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ተረፈ! አካም ጅርታ፣ ሐሴት ኮ!" እንደምን ናችሁ እያሉ ጉንጫቸውን ደጋግመው ሳሟቸው። "ነጋ? ነጋ ኬሰን?"

"ነጋ ነው፣ ሰላም ነው፣ አዴ። ዛሬስ ነጋ ነው" አሉ አቶ ተረፈ።

ፈየራ አጥሩ ሥር ቆሟል። ጢሙ አድጓል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ መዳፉ በጨርቅ ተጠምጥሟል። ለአባቷ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ። ወደ ሐሴት ግን አንድ ጊዜ ብቻ አየና ዓይኑን መለሰ። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር። ያየችው ግን ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የፈራት። ያዘጋጀችውን ቃል ተወችው።

ወንዶቹ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ፈቃድ ለመያዝ ሲሄዱ አዴ በቀለች ሐሴትን ወደ ውስጥ ጠሯት። ፈየራ በሚተኛበት መደብ ላይ ነጠላ ተዘርግቷል፤ ነጠላው ላይ ደግሞ ከመሬት የወጣ ብረት ሁሉ ተደርድሯል። አንበሳ ያለባቸው የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች አሉ፤ አረንጓዴ ሆነው ጠርዛቸው ተበልቷል። የጣሊያን ጊዜ የሚመስል አንድ ሳንቲም አለ። የፈረስ ልጓም ዘለበት፣ የኮርቻ ዘለበት፣ ምላሱ የወለቀ የወታደር ቀበቶ ዘለበት። የተሰበረ ማጭድ፣ የጣሳ ክዳን፣ አንድ የሕፃን ልጅ የእጅ ቃጭል።

"አርባ አንድ ናቸው" አሉ አዴ በቀለች፣ በኦሮምኛ በተቃኘ አማርኛቸው። "ሁሉንም ለወረዳው ባህል ቢሮ ይሰጣል፣ አንድ ለራሱ አልወሰደም። ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ተንበርክኮ ይቆፍራል። ዘለበት ሲወጣ እኔን ጠርቶ ያሳየኛል። ማታ ማታ ሲገባ ግን 'ሃርሜ፣ እናቴ፣ ዛሬም አይደለችም' ይለኛል። ከዚያ ይታጠብና ይጸልያል። ጠዋት ደግሞ ይሄዳል።"

ሐሴት ከዘለበቶቹ አንዱን አነሣች። ዝገቱ ጣቷን አቀላው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፈየራ አንድ ጊዜ ተስፋ አድርጎ አንድ ጊዜ የተሰበረበት ነው። አርባ አንድ ጊዜ። እሷ ደግሞ አንድ ቀን ተጠራጥራ በአንዲት ወረቀት ልትጨርሰው ነበር።

"ምነው ቀድሜ በሞትሁ" አለች።

"ተዪ፣ ኢንተላ ኮ፣ ተዪ ልጄ" አሉ አሮጊቷ። "እሱም ይሄን አይፈልግም።"

*

ወደ ጫካው የገቡት አራት ሆነው ነው፤ አባትና ልጅ፣ ፈየራና አዴ በቀለች። ከጎርፍ መውረጃው በላይ ፈየራ ቁጥቋጦውን መንጥሮ አራት ካስማ ተክሏል። መካከሉ ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም፤ ሣር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የተቆረጠ ዛፍ ጉቶ። አቶ ተረፈ ጉቶውን አዩና ቆሙ። ሦስት ጊዜ በአጠገቡ አልፈው ነበር።

ፈየራ ማሽኑን ከትከሻው አወረደ። አበራው። ከዚያ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ በሁለት እጁ ለአቶ ተረፈ ዘረጋላቸው።

"እርስዎ ይስሙት፣ ጋሼ።"

"እኔ አላውቅበትም፣ ልጄ።"

"መሬቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ማድረግ ብቻ ነው። እሷ ትነግርዎታለች።"

አቶ ተረፈ ኮፍያቸውን አውልቀው ለሐሴት ሰጡና ማዳመጫውን አደረጉ። ፈየራ ክንዳቸውን ደግፎ የማሽኑን ክብ ጫፍ ከሣሩ ከፍ አድርጎ ያዘላቸው። ቀስ ብለው ወደ ግራ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ አደረጉት። ሐሴት ምንም አልሰማችም። የአባቷን ፊት ብቻ ነበር የምታየው።

ፊታቸው ድንገት ተለወጠ። ከንፈራቸው ተላቀቀ። እጃቸው ባለበት ቆመ።

"አለች" አሉ። "ምንትዋብ አለች።"

ማዳመጫው ከጆሯቸው ወለቀ። ተንበርክከው በጥፍራቸው አፈሩን መማስ ጀመሩ። ፈየራ አካፋ ሊያቀርብላቸው አላሰበም፤ ይልቅ ራሱም ተንበርክኮ ቅጠሉን ብቻ ከጎን ይጠርግላቸው ነበር። አፈሩ ገና የተገለበጠ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ብዙም ሳይቆይ ነሐሱ ታየ። አቶ ተረፈ በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት። "ም"። ቆዳው በስብሶ እንደ ቅጠል ተበጣጥሷል፤ ሦስቱ ጠገራዎች ግን በተሰፉበት ቅደም ተከተል ተጋድመዋል።

አቶ ተረፈ ዘለበቱን ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

"ዘገየሁብሽ" አሉ። "አራት ዓመት ዘገየሁ። ብቻሽን አስተኛሁሽ። ይኸው መጣሁ፣ ምንትዋቤ። ልጅሽንም ይዣታለሁ። ደኅና ናት፤ አድጋለች፤ መድኃኒት ነው የምትሰጠው ለሰው።"

ያኔ ነበር አራት ዓመት የታፈነው ከሐሴት ውስጥ የወጣው። "እማዬ!" ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ጫካውን አልፎ ሄደ። እናቷን በቀበሩበት ቀን አፏን በነጠላዋ ይዛ የዋጠችው ጩኸት ነው። አዴ በቀለች በኦሮምኛ ሙሾ ተቀበሏት። ሐሴት በአማርኛ፣ እሳቸው በኦሮምኛ፣ አንዷን እናት ሁለቱ አለቀሷት። የሚከለክል፣ ዝም በሉ የሚል ማንም አልነበረም። ሐሴት ከልቅሶዋ መካከል አንድ እንግዳ ነገር ተሰማት፤ ማልቀስ መቻል ራሱ እንዴት ያለ ጸጋ ነው?

እንባዋ ሲያቆም ፈየራ ራቅ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አገኘችው። 

"ፈየራ።"

አልዞረም። "ስምሽን እንዳልጠራ ብለሽኛል" አለ።

"እኔ ግን ያንተን ልጥራ። ፈየራ። ፈየራ ኮ፣ የኔው ፈየራ። ያን ደብዳቤ ቅደደው።"

"ቀድጄዋለሁ።" አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። "የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አስቀርቻለሁ። እጄ የተንቀጠቀጠው ከብርድ ነው የምትለዋን። ነቀምቴ በዚያ ሰሞን ፀሐይ እንደነበር ነገራን ጠይቄዋለሁ።"

ሐሴት ልትስቅ ፈለገች፤ ያመለጣት ግን ልቅሶ ነው። በጨርቅ የተጠመጠመ መዳፉን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አላመንኩህም። እንዴት ይቅር ትለኛለህ?"

"ለእናትሽ ተቆጥተሽ ነው እኮ የሰደብሽኝ። እናቷን እንዲህ የምትወድ ሴት ነው የፈለግሁት እኔ። ምኑን ነው ይቅር የምለው?"

*

በማግሥቱ የወረዳው ሰዎችና ካህናቱ በተገኙበት የምንትዋብ አፅም ወጥቶ፣ አያና ከተማ እሷና አቶ ተረፈ በተዳሩበት ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደርጎለት አረፈ። ሳጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ፈየራ ነበር። የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ "የኛ ሥርዓት ይከብድህ ይሆን?" ቢለው፣ "እናት ስትሸከመኝ አልከበድኋትም" ብሎ መለሰ። የአዴ በቀለች ጎረቤቶች ለቀስተኛውን ለማስተናገድ ዳቦና እርጎ ይዘው መጡ። አቶ ተረፈ ከሥርዓቱ በኋላ አዴ በቀለች እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ አሮጊቷ በትከሻቸው ይዘው አነሧቸው።

"ገለቶማ፣ አዴ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉ አቶ ተረፈ። "በሕይወት ተቀበሉኝ፤ በሞትም አልተለዩኝም።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ነቀምቴ ተሳፈሩ። አቶ ተረፈ ፈየራን ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ሐሴት ፊት ለፊታቸው፣ ወደ ኋላ በዞረው ወንበር ላይ ነበረች። ሚኒባሱ ከአያና ሲወጣ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ፈየራ።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ከእንግዲህ ሽማግሌ አትላክብኝ።"

ፈየራ ደነገጠ። 

"አንተ አትልክም" አሉ አቶ ተረፈ ቀጥለው። "እኔ ነኝ ሽማግሌ ይዤ አባትህ ዋጋሪ ቤት የምሄደው። 'ልጅህ ሚስቴን አገኘልኝ፤ ልጄን ልስጠው ትፈቅዳለህ ወይ?' እላለሁ። የሴት አባት ለምኖ አያውቅም ይሉ ይሆናል። ይበሉ! እኔ አልለምንም፤ አመሰግናለሁ እንጂ።"

"የቤተ ክርስቲያኑስ ነገር፣ አባዬ?" አለች ሐሴት ቀስ ብላ።

"እሱ በአንድ ቀን አይፈታም። የፈየራ እናትም የምትለው ይኖራል፣ እኔም የምለው አለኝ። ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ እንጣላም ይሆናል። ግን እንደ ዘመድ ነው የምንጣላው።"

 ፈየራ ጎንበስ ብሎ የአቶ ተረፈን እጅ ሳመ። እሳቸው ደግሞ የሱን የቆሰለ መዳፍ ገልብጠው ሳሙት።

የአንገርን ቁልቁለት ሲይዙ መንገዱ ያነሣቸው፣ ይጥላቸው ጀመር። ሐሴት ቀና ብትል የአባቷ ራስ ወደ ጎን አዘንብሏል። ምንትዋብን ጫካ ጥለው ከወጡ ወዲህ አቶ ተረፈ ሌሊቱን በቁማቸው፣ ቀኑን በሥራ ነበር የሚገፉት፤ እንቅልፍ ይዟቸው ካየች ቆይታለች። አሁን አፋቸውን በትንሹ ከፍተው፣ እንደ ሕፃን፣ በፈየራ ትከሻ ላይ ተኝተዋል። ፈየራ እንዳይቀሰቅሳቸው ደርቆ ተቀምጧል። ዝንብ ግንባሩ ላይ ስታርፍበት እንኳ እጁን አላነሣም።

"ገለቶሚ" አለችው ሐሴት፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች።

እሱም በከንፈሩ ብቻ "ዝም በይ፣ ይነቃሉ" አላት።

እንባ ባረገዘ ዓይኗ ሣቀችለት። እስከዛሬ ይህ መንገድ መቼ ባለቀ የሚያሰኛት ነበር። ዛሬ ግን አባቷ እንቅልፋቸውን እንዲጠግቡ፣ እሷም እነዚህን ሁለት ፊቶች አጠገብ ለአጠገብ እንድታይ፣ ነቀምቴ ትንሽ ራቅ ብትልላት ተመኘች።